ሙዚቃችንን ኪቦርድ አልገደለውም

በአንድ የሥነ ጽሑፍ ምሽት ላይ ነው። ግጥም ተነበበ፤ ክራር ተመታ፤ በመጨረሻም በዕድሜ የገፉ፣ ንግግራቸው እንደ ድሮ ሬዲዮ የሚጥም አንድ ሰው ስለ ዘመኑ ዘፈን አስተያየት እንዲሰጡ ወደ መድረኩ ተጋበዙ። እሳቸውም ማይክሮፎኑን ጠበቅ አድርገው ያዙና፣ «ሙዚቃችንን የገደለው ኪቦርድ ነው። አንድ ሰው፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ኮምፒውተር… በቃ፤ ተገድሎ ተቀበረ!» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም አጨበጨብኩ።

እውነቱን ለመናገር ያጨበጨብኩት ለሐሳቡ ሳይሆን ለዐረፍተ ነገሩ አወራረድ ነበር፤ ግጥም እጽፋለሁ የሚል ሰው በእንዲህ ዓይነቱ ነገር በቀላሉ ይሸነፋል። ከፒያሳ ወደ አስኮ የሚወስደኝ ታክሲ ውስጥ ገብቼ፣ መስኮቱ ጥግ ተቀምጬ ነገሩን ሳሰላስለው ግን ጭብጨባዬ አሳፈረኝ። ቤቴ ውስጥ፣ ከአልጋዬ ግርጌ ባለችው ጠረጴዛ ላይ፣ አቧራ እንዳይነካው በአሮጌ ነጠላ ተሸፍኖ የሚጠብቀኝ ማን ሆነና? አንድ ኪቦርድ፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ኮምፒውተር! ነፍሰ ገዳዩን ከነመሣሪያው ቤቴ ደብቄ ነው ለከሳሹ ያጨበጨብኩት። ይህችን ጽሑፍ የምጽፈው ያንን ጭብጨባ ለማስመለስ ነው።

ክሱ ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። በካሴት ዘመን ያደገ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ በዐሥር ዘፈን ውስጥ ያው አንድ ከበሮ፣ ያው አንድ የውሸት ጡሩምባ፣ ያው በአንድ ጣት ሲጫኑት በራሱ የሚሮጥ ምት። ሳክስፎን ነፊውና ከበሮ መቺው እንጀራቸውን ማጣታቸውም እውነት ነው። ስምንት ሰው ይሠራው የነበረውን ምሽት አንድ ሰው በአንድ ኪቦርድ ሲሸፍነው፣ የሆቴሉ ባለቤት ለማን እንደሚፈርድ መገመት አያዳግትም። ይህን ሐዘን አልክድም። የምክደው ፍርዱን ነው።

ዳኛ ፊት ብንቀርብ የመጀመሪያው ጥያቄ «ሟች መቼ ሞተ?» የሚል ይሆናል። ሰዎቻችን «ወርቃማው ዘመን» የሚሉት የሸክላውን ዘመን ነው። አምሃ እሸቴ የሀገር ፍቅርን ሸክላ የማሳተም ብቸኛ መብት ተዳፍረው አምሃ ሪከርድስን የጀመሩት እ.ኤ.አ. በ1969 ነበር፤ በ1975 ሀገር ጥለው ሲሰደዱ ሥራው ቆመ። የካይፋ ሪከርድስ የሸክላ ሥራም ከ1978 አላለፈም። በመካከሉ የሆነውን የማያውቅ የለም፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ ሥልጣኑን ጠቀለለ፤ የሰዓት እላፊው መጣ፤ መምጣት ብቻ ሳይሆን ለዓመታት ከረመ። ሌሊቱን የተቀማ ከተማ ውስጥ የሌሊት ባንድ በምን ተአምር ይኖራል? ጥቂቶቹ በትልልቅ ሆቴሎች ተጠልለው ቆዩ፤ የቀሩት ተበተኑ።

አሁን ደግሞ የተከሳሹን የልደት ወረቀት እንይ። ኪቦርድን ከኪቦርድ፣ በኋላም ከኮምፒውተር ጋር የሚያነጋግረው ሚዲ የተባለው ስምምነት በአደባባይ የታየው እ.ኤ.አ. በጥር 1983 ካሊፎርኒያ ውስጥ በአንድ የሙዚቃ ዕቃዎች ትርኢት ላይ ነው። ፕሮፌት 600 የተባለው የአሜሪካ ሲንተሳይዘርና ጁፒተር 6 የተባለው የጃፓን ሲንተሳይዘር በአንድ ገመድ ተያያዙ፤ አንዱን ሲነኩት ሌላው መለሰ። ሟች ከተቀበረ ከዓመታት በኋላ የተወለደ ነፍሰ ገዳይ እንግዲህ ይህ ነው!

«የኛ» ስለተባለው ሳክስፎንም አንድ ነገር ልበል። ሳክስፎን ከላስታ ተራራ አልወረደም። ቤልጅጉ አዶልፍ ሳክስ በ1846 የባለቤትነት መብት ያወጣበት፣ ቁልፎቹ በፋብሪካ የተበሱ ማሽን ነው። የነሐሱ ባንድ ሥር እንዲሰድ ካደረጉት መካከል ራስ ተፈሪ በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው «አርባ ልጆች» የምንላቸው የአርመን ወላጅ አልባ ሕፃናትና መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን ይገኙበታል። ያን ጊዜም መሰንቆ ተገደለ ብሎ ያለቀሰ ሰው ሳይኖር አይቀርም። የትናንቱ መጤ የዛሬ ባለርስት ሲሆን የዛሬውን መጤ ከደጅ ይመልሳል፤ ነገሩ ይህ ነው።

መጤው በአዋቂ እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ማየት የሚሻ ሰው የኃይሉ መርጊያን ታሪክ ይመልከት። በሂልተን አዲስ አበባ ይጫወት የነበረው የዋሊያስ ባንድ ኪቦርድ ተጫዋች ነበሩ። ባንዱ እ.ኤ.አ. በ1981 ወደ አሜሪካ ሄደ፤ አንዳንዶቹ ተመለሱ፤ እሳቸው ቀሩ። በ1985 በዋሽንግተን ከተማ ስቱዲዮ ገብተው የወጣትነት መሣሪያቸውን አኮርዲዮንን አነሡ፤ ከጎኑ ሲንተሳይዘር፣ ኤሌክትሪክ ፒያኖና የከበሮ ማሽን አደረጉ፤ ሁሉንም ብቻቸውን፣ አንዱን በአንዱ ላይ እየደረቡ ተጫወቱ። ከዚያ የወጣው «ሸሞንሟናዬ»ን የያዘው ካሴት ነው። ያንን ካሴት አንድ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ላይ አግኝቶ በ2013 እንደገና አሳተመውና የዓለም ጆሮ ዞረ። እሳቸው ያን ጊዜ በዋሽንግተን ታክሲ ይነዱ ነበር፤ ደንበኛ በሚጠብቁበት ሰዓት የሚለማመዱበትን ኪቦርድ በመኪናቸው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ይዘው ይዞሩ ነበር። አንድ ሰው፣ አንድ ማሽን፣ ብቸኝነት… የተከበሩት ተናጋሪያችን ለሬሳ ሣጥን የቆጠሩት ዕቃ ሁሉ እዚያ አለ። ሬሳው ግን የለም፤ ይልቁንም ያን ጊዜ ሀገር ቤት ውስጥ በእላፊ የታፈነው ነገር እዚያ ማሽን ላይ ሲተነፍስ ይሰማል።

ሀገር ቤት ያለውንም ካነሣን፣ መስከረም 2012 ዓ.ም. ያጣነው ኤልያስ መልካ በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ቼሎ ያጠና ሰው ነበር። የአንድ ትውልድን ጆሮ የቀየሩ ቅንብሮቹን የሠራው ግን በስቱዲዮ፣ በኪቦርድና በኮምፒውተር ነው። ስለ እሱ ሌላ ቀን ራሱን የቻለ ጽሑፍ ይገባዋል።

ለመሆኑ ይህ የተረገመ ገመድ ምንድን ነው? ብዙ ሰው ድምፅ የሚያልፍበት ይመስለዋል። አይደለም። ባለ አምስት እግር መሰኪያ ባለው በሚዲ ገመድ ውስጥ ቅንጣት ድምፅ አያልፍም። የሚያልፈው መልእክት ነው። «60ኛው ቁልፍ ተነካ፤ የአመታቱ ኃይል 90» ይላል፤ ጥቂት ቆይቶ «60ኛው ቁልፍ ተለቀቀ» ይላል። 60 ማለት በፒያኖ መካከል ላይ ያለው «ዶ» ነው። ቁጥሮቹ ከ0 ጀምረው 127 ላይ ያበቃሉ። የዓለም ሙዚቃ ሁሉ ደስታውም ለቅሶውም በዚህች ጠባብ በር፣ በሰከንድ 31,250 ቢት እየተቆነጠረ ያልፋል። ስምምነቱን ለዓለም ያበረከቱት አሜሪካዊው ዴቭ ስሚዝና ጃፓናዊው ኢኩታሮ ካኬሃሺ ማንም ፋብሪካ ክፍያ ሳይጠየቅበት እንዲጠቀምበት ተዉት። እኔ አስኮ ተቀምጬ፣ ያገለገለ ኪቦርዴን ከያገለገለ ላፕቶፕ ጋር ማገናኘት የቻልኩት በዚህ ቸርነት ነው።

የባንክ ሠራተኛ ነኝና ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ሚዲ ገንዘቡ አይደለም፤ ቫውቸሩ ነው። ለእያንዳንዱ «ተነካ» አንድ «ተለቀቀ» ሊኖረው ግድ ነው፤ ልክ እንደ ዴቢትና ክሬዲት። በርካሽ ማገናኛ ስሠራ አንዳንዴ አንዲት «ተለቀቀ» በመንገድ ትጠፋለች፤ ያን ጊዜ ኖታዋ ሳትዘጋ ታላዝናለች፤ ጣቴን ባነሣም አታቆምም። ሂሳቡ ያልገጠመለት ገንዘብ ያዥ ማምሻውን ምን ዓይነት ፊት እንደሚኖረው ያየ ሰው ሁኔታዬን ይረዳኛል።

ለሥነ ጽሑፍ ወዳጅ ግን ከቫውቸር የቀረበ ምሳሌ አለ፤ የገዛ ፊደላችን። እስቲ «ገና» ብላችሁ ጻፉ። ቢላላ «ገና ነው» የምንለው ነው፤ ቢጠብቅ የልደት በዓል ነው። «ይበላል» ብላችሁ ጻፉ። በይ ነው ወይስ ተበይ? ፊደሉ አይነግራችሁም። ማጥበቅና ማላላት የአማርኛ ግጥም እስትንፋስ ነው፤ ግማሹ ሰምና ወርቃችን የተንጠለጠለበት ክር እሱ ነው። ፊደላችን ግን በዚህ ጉዳይ ዲዳ ነው። ታዲያ ፊደል አማርኛን ገደለው የሚል ተናጋሪ አዳራሽ ሙሉ ሰው አስጨብጭቦ ያውቃል? አያውቅም። ምክንያቱም ጽሕፈት የሚተወውን አንባቢ እንደሚሞላው ሁላችንም እናውቃለን። ያልሞላ እንደሆነ የምንወቅሰው አንባቢውን ነው እንጂ «ገ»ን ወይም «ና»ን አይደለም።

ከፊደልም አልፈን ወደ ድጓው እንግባ። ምልክቶቹን በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳደራጇቸው ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ሂደት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ቁርጥ፤ በነዚህም ላይ በቃሉ አናት የሚቀመጡ ጥቃቅን ፊደላት። ከነዚህ አንዱ እንኳ «ይህ ድምፅ በሰከንድ ይህን ያህል ጊዜ ይርገብ» አይልም። ዜማውን ለሚያውቅ ሰው ያስታውሰዋል፤ ለማያውቀው ዝምታ ነው። ተማሪው ዓመታት ቆጥሮ፣ ቤተ ልሔም ድረስ ወርዶ የሚያስመሰክረው ወረቀቱ ስለጎደለው ሳይሆን፣ ወረቀት ሁሉ ጎዶሎ መሆኑን አባቶች ስላወቁ ነው። የሚዲ ገመድም የዚህ የጎዶሎ ጽሕፈት ታናሽ ወንድም ነው። ታናሹን ብቻ ለይቶ በነፍስ ግድያ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ነው እላለሁ።

ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አላገኘሁትም። ያስተማረችኝ እናቴ ናት።

እናቴ ጥጥ ስትፈትል የምታንጎራጉራት አንዲት እንጉርጉሮ አለች፤ ከእናቷ የወረሰቻት። ባለሙያ ቢሰማት ወደ አንቺሆዬ የምትጠጋ ናት ይል ይመስለኛል። አንድ ቅዳሜ ኪቦርዱን አሙቄ፣ ቁልፎቹን ፈልጌ፣ ከሥሯ አጀብኳት። ሁለት ስንኝ ሳትጨርስ እንዝርቷን ያዝ አድርጋ ዝም አለች።

«ምነው እማዬ?»

«ልጄ፣ እሱ ነገርህ ይዋሻል።»

«የቱ ጋ?»

«እኔ ወደላይ ስል እሱ አይደርስም። ደግሞ ስወርድ ቀድሞኝ ይቆማል።»

ተከራከርኩ፤ ኪቦርዱ ትክክል ነው፣ ጃፓኖች ናቸው የሠሩት አልኩ። እሷ ግን ልክ ነበረች። ፋብሪካው የሚልክልን ኪቦርድ አንዱን ስምንዮሽ ዐሥራ ሁለት እኩል ቦታ የከፈለ ነው። ባለሙያዎች ከአንዱ ቁልፍ እስከሚቀጥለው ያለውን ርቀት እንደ ብር በመቶ ሳንቲም ይመነዝሩታል። የመሰንቆና የክራር ሰው ግን በጆሮው ይቃኛል እንጂ ይህን እኩል ክፍፍል አያውቀውም፤ እናቴም አታውቀውም። በሷና በማሽኑ መካከል የጎደለው ዐሥራ አምስትና ሃያ ሳንቲም ነበር። በመስኮት የጎደለ ሳንቲም እንቅልፍ ይነሣኛል፤ በእናቴ ዜማ ላይ የጎደለው ግን ሳይሰማኝ መቅረቱ…

መልሱ እዚያው ማሽኑ ውስጥ ነበር። በብዙ ኪቦርዶች ላይ የእያንዳንዱን ቁልፍ ቅኝት በሳንቲም ከፍና ዝቅ የሚያደርግ ገጽ አለ፤ ለዐረብ ሙዚቃ ተብለው በተሠሩት ላይማ ፊት ለፊት ተቀምጧል። ኪቦርዱን በገዛሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነበር፤ ያን ገጽ አንድ ቀን ከፍቼው አላውቅም። አንዷን ቁልፍ ሃያ ሳንቲም ከፍ፣ ሌላይቱን ዐሥራ አምስት ዝቅ እያደረግሁ እናቴን «አሁንስ?» እያልኩ አመሸሁ። እሷም «ትንሽ… ትንሽ… እህ፣ እዚያ ተወው» አለች። የትኛውም መሐንዲስ ከዚህ የተሻለ መቃኛ አይሠራም።

እንግዲህ እውነተኛው ነፍሰ ገዳይ ማን እንደሆነ ልናገር። ያንን ገጽ ያልከፈትን ሰዎች ነን። ኪቦርዱ ከካርቶኑ ሲወጣ የነበረውን ድምፅ፣ የነበረውን ከበሮ፣ የነበረውን ቅኝት እንደ ሕገ ኦሪት የተቀበልን እኛ ነን። ይባስ ብሎ ኮምፒውተሩ ላይ «ኳንታይዝ» የምትባል ትእዛዝ አለች፤ የተጫወታችሁትን ሁሉ ጎትታ በእኩል ፍርግርግ ላይ ትሰቅለዋለች። እስክስታ ትከሻ ላይ የሚወርደው ከምቱ ጥቂት ዘግይቶ ወይም ቀድሞ ነው፤ ጨዋታው እዚያች መዘግየት ውስጥ ነው። እሷን በአንድ ጠቅታ አስተካክሎ፣ «ዘፈናችን ለምን አያስደንስም?» ብሎ መጠየቅ እንጀራን በማስመሪያ አራት ማዕዘን ቆርጦ ዐይኑ የት ሄደ እንደማለት ነው። አንድ ጊዜ የሞተ ጓደኛዬን ያለቀስኩበትን ግጥም ለአንድ አቀናባሪ ሰጥቼ ነበር። ከስምንት ወር በኋላ ለሠርግ አዳራሽ በሚሆን ምት ተጭኖ መጣልኝ። ጠየቅሁት። «ማሽኑ ላይ ያለው ይሄ ነው» አለኝ። ማሽኑ! ሰው የገዛ ስንፍናውን የሚያላክክበት እንዲህ ያለ ታዛዥ ፍጡር ተፈጥሮ አያውቅም።

ስለዚህ ቤት ውስጥ መቅዳት የጀመርኩት ከድፍረት ሳይሆን ከምሬት ነው። የተማርኩትንም ለመሰሎቼ ላካፍል፤ ገመዱን ገዝቶ ተስፋ የቆረጠ ገጣሚ እኔ ብቻ አይደለሁምና። ቅኝቱን በኪቦርዱ ላይ ካስተካከላችሁ በኋላ የሚዲው ገመድ ያንን ለኮምፒውተሩ አይነግረውም። ሃያ ሳንቲም ከፍ ያለችውንም ያላለችውንም «61» ብሎ ነው የሚጽፋት፤ ልክ ፊደላችን ሁለቱንም «ገና» እንደሚለው። ስለዚህ ሁለት መንገድ ያስፈልጋል፤ ሚዲው መልእክቱን ይውሰድ፣ ሌላ የድምፅ ገመድ ደግሞ ከኪቦርዱ ጀርባ ወጥቶ በሳውንድ ካርድ በኩል ራሱን ድምፁን ይውሰድ። አንድ ቁልፍ ነክታችሁ ሁለት ድምፅ ከሰማችሁ አትደንግጡ፤ ኮምፒውተሩ የላካችሁትን መልሶ እያስተጋባ ነው፤ በኪቦርዱ ላይ «ሎካል» የሚለውን ዝጉ። ነክታችሁ ድምፁ ቢዘገይ ደግሞ «በፈር» የሚባለውን ቁጥር ቀንሱት፤ 1,024 ሲሆን መዘግየቱ ብቻውን 23 ሚሊ ሰከንድ ይደርሳል፤ 128 ሲሆን ሦስት እንኳ አይሞላም። ላፕቶፑ ግን ይደክማል። እንደ ንብ የሚያጉረመርም ድምፅ ከተቀላቀለባችሁ ሌላ ምንም ሳትነኩ በመጀመሪያ የላፕቶፑን ቻርጀር ንቀሉት፤ አብዛኛውን ጊዜ በዚያ መንገድ የሚገባው የመብራታችን 50 ኸርዝ ነው። እኔ ይህን እስካውቅ ድረስ ጎረቤት ያለውን የብየዳ ቤት በሆዴ ስረግም ከርሜያለሁ።

«ይህ ሁሉ ለገጣሚ ምን ይሠራለታል?» የሚል አለ። ብዙ ይሠራለታል። ግጥማችን ከዜማ ተለይቶ የኖረበት ዘመን አጭር ነው። አዝማሪው ግጥሙንም ዜማውንም መሰንቆውንም በአንድ ትንፋሽ ይዞ ይዞር ነበር፤ ማንንም ደጅ አይጠናም። እኛ ነን ስንኛችንን በፖስታ አሽገን የዘፋኝ ደጅ፣ የአቀናባሪ ደጅ፣ የስቱዲዮ ደጅ የምንጠና። የገመዱ ነገር ለኔ አዲስ ሥልጣኔ አይደለም፤ አዝማሪው የነበረውን ነፃነት ከአስኮ የሁለት ክፍል ቤት ሆኖ መልሶ መጠየቅ ነው። ያንን ነፃነት «ገዳይ» ብሎ የሚሰድብ ሰው መጀመሪያ ለስቱዲዮ የሚከፈለውን ይክፈልልኝ።

የእናቴን እንጉርጉሮ በመጨረሻ የቀዳሁት አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። ማይክሮፎኑን ከእንዝርቷ ራቅ አድርጌ ሰቀልኩት፤ ቻርጀሩን ነቀልኩ፤ ሚዲውንም ድምፁንም ሰካሁ። ዐይኗን ጨፍና ጀመረች። በሦስተኛው ስንኝ ላይ አንዷን ኖታ ያዝ አድርጌ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ኪቦርዱ ሞተ። ላፕቶፑ ግን በባትሪ ነበር፤ ሳውንድ ካርዱና ማይክሮፎኑም ከሱ ነበር የሚጠቡት። እናቴ ዐይኗን አልገለጠችም፤ ቀጠለች። እኔም ጣቴን ከሞተው ቁልፍ ላይ ሳላነሣ እስክትጨርስ ጠበቅኋት።

ያንን ቀረጻ አላጠፋሁትም። የተከበሩት ተናጋሪ ቢሰሙት «አላልኩም ነበር?» እንደሚሉ አውቃለሁ፤ ይበሉ። ፋይሉን በከፈትኩ ቁጥር ከላይ የድምፅዋ ሞገድ እየሰፋና እየጠበበ ይሄዳል። ከሥሩ በሚዲው መስመር ላይ፣ «ተለቀቀ» የሚለው መልእክት ሳይደርስላት የቀረችው ያቺ አንዲት ኖታ፣ ድምፅ ሳይኖራት፣ እስከ እንጉርጉሮው መጨረሻ ድረስ ተዘርግታ ትታያለች።